ስለ ቋጠሮና ስለ ፍትሕ

ሰው ከሩቅ አገር ዕቃ ሲገዛ መጠኑን ለክቶ፥ ጥራቱን መርምሮ፥ ለቤቱ የሚስማማ መሆኑን አይቶ ይገዛል። ከሩቅ አገር ቃል ሲዋስ ግን ሳይለካና ሳይመረምር ይወስዳል፤ ቃል ዋጋ የማይከፈልበት ነገር ይመስለዋልና። ዋጋው ግን ዘግይቶ መጠየቁ አይቀርም። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ቃሉን የተዋሰው ሰው ሳይሆን ቃሉ የተነገረበት ሰው ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዐይኔ ያየሁት ነገር ነው።

በቂርቆስ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ባልቴት ከሟች ባላቸው የወረሱትን ጥቂት ገንዘብ ለመቀበል በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ይጠኑ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ሄደው ዘጠኝ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዐሥረኛው «እስቲ አብረውኝ ይሂዱ፤ እኔ የሚሉኝ አይገባኝም» ቢሉኝ አብሬአቸው ሄድሁ። በጠረጴዛው አጠገብ የነበረው ወጣት ጨዋ ነበረ። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸውና «እማማ፥ ነገሩ የዘገየው እኮ የእርስዎ ጉዳይ ኮምፕሌክስ ስለ ሆነ ነው» አላቸው። ባልቴቲቱም ጥቂት አሰቡና «ልጄ፥ ኮምፕሌክስ የሚውለው መቼ ነው? እንግዲያው ያን ዕለት ልምጣ» አሉት።

በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ሣቁ። እሳቸው ግን ለቀልድ አልተናገሩም። ከዚያ በፊት ስብሰባ እስኪያልቅ፥ አለቃው ከዕረፍት እስኪመለስ፥ ፊርማ እስኪገኝ ይቆዩ ተብለው ስለ ነበረ፥ ይህም ከነዚያ ቀኖች አንዱ መስሏቸው ነው። እኔም ወጣቱን «ልጄ፥ ይህንኑ ለእኒህ እናት በአማርኛ ንገራቸው ብልህ ምን ትላቸዋለህ?» አልሁት። ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡን ገልጦ ያነብ ጀመረ። ሲጨርስም እንዲህ አለ፦ «በአንዱ ወረቀት የሟቹ ስም በክርስትና ስማቸው ተጽፏል፤ በሌላው ግን በመጠሪያ ስማቸው ነው። የልደታቸውም ዘመን በአንዱ በእኛ አቈጣጠር፥ በሌላው በፈረንጅ አቈጣጠር ስለ ተጻፈ የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ሁለት ሰዎች ይመስላሉ።» ባልቴቲቱም «ይኸማ ምን ያስቸግራል ልጄ! የክርስትና ስሙን የሚያውቁ የነፍስ አባቱ ዛሬም በሕይወት አሉ» አሉ። ምስክር ያምጡ ተባሉ፤ አመጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ጉዳያቸው ተፈጸመ።

ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምተርከው። ክፋት አላየሁበትም። ነገር ግን «ኮምፕሌክስ» የሚለው ቃል መዝገቡን ከማንበብ አሳርፎት ነበር፤ አማርኛው ግን አስነበበው። ስለዚህ እንግሊዞች የተወሳሰበ ነገርን የሚጠሩባቸው ቃላት ከምን እንደ ተወለዱ፥ በአገራቸው ምን ሥራ እንደሚሠሩ፥ ወደ እኛም ሲገቡ ምን ሥራ እንደ ያዙ ልመረምር ወደድሁ።

በመጀመሪያ ቃል መዋስ ነውር እንዳይደለ መናገር ይገባኛል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ስሙ ራሱ የተዋሰ ነው። ጠላት በአገራችን በነበረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅት በአኅጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የሠፈሩ ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው፤ ጠላት ሄደ፥ ስሙ ቀረ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአጠገቡ ተመርቆ የዓለም መንግሥታት ሰዎች በበዙ ጊዜ እንግሊዝኛው የሠፈሩ ጎረቤት ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፥ ከኢጣልያኖች የሩጫ ቃል የተገኘው «ኮሪደር» ከልጅ እስከ ሽማግሌ በሁሉ አፍ ገባ። ካዛንቺስ በሚል ስም ማንም ሰው ከመልስ አልተከለከለም። የቦታና የዕቃ ስም እንግዳ ቢሆን ጣት ጠቁሞ ማሳየት ይቻላልና። የፍርድ ቃል፥ ማለት ነገር እንዲህ ነው ብለን የምንፈርድበት ቃል፥ እንግዳ ሲሆን ግን በጣት የሚጠቈም ነገር የለም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። «ኮምፕሌክስ» ከሮማይስጥ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም አንድ ላይ የተጐነጐነ ማለት ነው። እንግዲህ በትክክል ጕንጕን ነው። የሴት ልጅ ሹሩባ ከብዙ ዘለላ የተጐነጐነ ስለ ሆነ የተበላሸ አይባልም፤ እንዲያውም ያማረ ይባላል። ጠንቃቃ የእንግሊዝ ጸሓፊም ይህን ቃል የሚያውለው ብዙ ክፍል ኖሮት ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ለተሳሰሩ ነገር ነው። የሰው ገላ እንዲህ ነው፤ የከተማ ኑሮም እንዲህ ነው። በቃሉ ውስጥ ነቀፋ የለም።

«ኮምፕሊኬትድ» ግን ሌላ ነው። ሥሩ ማጠፍ ነው፤ አንድ ላይ የታጠፈ ማለት ነው። የታጠፈ ወረቀት ካልተዘረጋ በውስጡ ያለው አይነበብም። ስለዚህ ጸሓፊዎቻቸው ይህን የሚሉት ለማወቅም ሆነ ለመሥራት ለሚያስቸግር ነገር ነው። «ሲምፕል» የሚሉት ደግሞ አንድ እጥፍ ብቻ ያለው ማለት ነው፤ «ኤክስፕሊሲት» የሚሉትም እጥፉ የተዘረጋ ማለት ነው። ሦስቱም ቃላት ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አንዱን ሲሰማ ሌላውን ይጠብቃል፤ ታጥፏል ከተባለ ይዘርጋ ለማለት ቃሉ በአጠገቡ ነው። እኛ ግን እጥፉን ተውሰን መዘርጊያውን እዚያው ትተነዋል።

የእንግሊዝ የሰዓት ሠሪዎች ደግሞ «ኮምፕሊኬሽን» የሚሉት ሰዓቱ ጊዜን ከመቍጠር በላይ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ቀኑን ወይም የጨረቃን ዕድሜ ቢያሳይ ይህ ተጨማሪ ብልኀት በዚያ ስም ይጠራል፥ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። ሐኪሞች ግን በዚሁ ቃል በበሽታ ላይ የተደረበን ሌላ ጕዳት ይጠሩበታል። በከተማችንም በሐኪም ቤት በር የቆሙ ዘመዶች «ኮምፕሊኬሽን ተፈጠረ» የሚል ቃል ሲነገራቸው ይሰማል። ደም ፈሰሰ ማለት ነውን? ቍስሉ አመረቀዘ ማለት ነውን? ትንፋሽ አጠረ ማለት ነውን? ዘመድ የሚጸልየውም፥ ገንዘብ የሚፈልገውም፥ ደም የሚሰጠውም ይህን ካወቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ ለሐኪም ሲናገር ቃሉ አጭርና ትክክለኛ ነው። ለእናት ሲነገር ግን የተዘጋ በር ነው።

«ሶፊስቲኬትድ» የሚለው ቃል ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ሥሩ የጽርእ ሶፊያ፥ ማለት ጥበብ ነው። ነገር ግን በጥበብ ስም ማታለልን ከሚያስተምሩ ሰዎች የተነሣ ቃሉ ጠመመ፤ በቀድሞው እንግሊዝኛም «ሶፊስቲኬትድ» ማለት ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት፥ ንጽሕናው የጠፋ ማለት ነበረ። እንዲህ የተባለ የወይን ጠጅ ውኃ ወይም ሌላ ነገር የገባበት ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ወደ ምስጋና ዞረ፤ ዛሬ የሠለጠነውን ሰውና ረቂቁን መሣሪያ ይጠሩበታል። በከተማችን አንድ ሰው «ሶፊስቲኬትድ ነው» ሲባል ደስ ይለዋል። የጥንቱን ፍቺ ቢሰማ ግን ጠላው ውኃ ሆነብን እንደ ተባለች ባለቤት ያፍር ነበር።

አንድ ቃል ገና በካዛንቺስ አፍ አልገባም፤ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ግን ይገኛል፤ እንዳይገባም አስቀድሜ ላስጠንቅቅ እወዳለሁ። እንግሊዞች አሠራሩ የተጠላለፈና ተንኰል የበዛበት መሥሪያ ቤት ሲያዩ «ባይዛንታይን» ይሉታል። ይህ ስም ቢዛንጥያ ከተባለችው ከጥንት ቍስጥንጥንያ የወጣ ነው። የዚያ መንግሥት ሰዎች መንግሥታቸውን በዚህ ስም አልጠሩም፤ ሮማውያን ነን ይሉ ነበር። ከተማይቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1453 ከወደቀች ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1557፥ ሂሮኒሙስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ታሪካቸውን ሰብስቦ ሲያሳትም መንግሥታቸውን በዚያ በጥንቱ ስም ጠራው። ኋላም እንደ ኤድዋርድ ጊቦን ያሉ ታሪክ ጸሓፊዎች መንግሥቱን አቃልለው ስለ ጻፉ ስሙ ስድብ ወደ መሆን ሄደ።

እኛ በ451 በኬልቄዶን በሃይማኖት ከዚያ መንግሥት ጋራ ተለይተናል። ቢሆንም እውነት ለተለዩንም ሰዎች ሊነገር ይገባል። በዚያች ከተማ ዮስጥንያኖስ የነገሠ ጊዜ የሮማ ሕግ በብዙ መጻሕፍት ተበታትኖ ዳኛም ጠበቃም ግራ ገብቶት ነበረ። ንጉሡም ሊቃውንትን ሰብስቦ ከ529 እስከ 534 ባሉት ዓመታት ሕጉን አስመረመረ፥ የተደጋገመውን አስወጣ፥ የተቃረነውን አስታረቀ። ዛሬ የአውሮፓ መንግሥታት ብዙ ሕጋቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። የእኛም ፍትሐ ነገሥት፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ የተዘጋጀው፥ ከምንጮቹ አንዱ የዚያች ከተማ ነገሥታት ሕግ ነው። እንግዲህ የተጠላለፈውን ሕግ የፈታች ከተማ የመጠላለፍ ስም ሆና መቅረቷ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ቃልን ሳይመረምር የሚዋስ ሰው የሌላውን ቂም አብሮ ይዋሳል የምለው ስለዚህ ነው።

የእንግሊዝኛን ካየን ዘንድ የራሳችንን ጓዳ እንይ። አማርኛ በዚህ ነገር ድኻ ነው የሚሉ አሉ። እስቲ አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ቃላት ቀስ ብለህ አንብባቸው፦ ውስብስብ፥ ጥልፍልፍ፥ ምስቅልቅል፥ ድብልቅልቅ፥ ዝብርቅርቅ፥ ትብትብ፥ ጕንጕን። በሁሉም ውስጥ ፊደል በፊደል ላይ ተደግሟል። ሮማይስጥ ነገሩ ታጠፈ ብሎ ይናገራል፤ አማርኛ ግን ቃሉን ራሱን ያጥፈዋል። ምላስ ቃሉን ሲናገር ነገሩን ይሠራዋል። ይህን የመሰለ ብልኀት ያለው ቋንቋ በዚህ በኩል ድኻ ሊባል አይገባውም።

ደግሞም እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሥራ አለው። ጕንጕን የተዋበ ነው። ጥልፍልፍ እግር ይይዛል። ትብትብ በሰው እጅ የታሰረ ነው፤ ተብታቢ አለው። ድብልቅልቅ የሰውና የድምፅ ብዛት ነው። ዝብርቅርቅ አሳቡ ወይም ቀለሙ ያልተስማማ ነው። ምስቅልቅል ቦታውን የለቀቀ ነው። ረቂቅ ከማነሱ የተነሣ ለማየት የሚያስቸግር ነው፤ ጥልቅ ከመራቁ የተነሣ። «የእርስዎ ጉዳይ ትብትብ ነው» ቢባሉ ኖሮ ባልቴቲቱ ወዲያው «ማን ተበተበው?» ይሉ ነበር። «ውሉ ጠፍቶናል» ቢባሉም «እንፈልገዋ» ይሉ ነበር፤ ልቃቂት ውሉ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጥጥ የፈተለች ሴት ሁሉ ታውቃለችና። «ኮምፕሌክስ» ግን ለሦስት ነገር ሲሮጥ ይውላል፦ ሕንፃው ኮምፕሌክስ ነው፥ ጉዳዩ ኮምፕሌክስ ነው፥ ከባልንጀራው በታች የሆነ የሚመስለውም ሰው ኮምፕሌክስ አለበት። አንድ አሽከር ለሦስት ጌታ ቢያድር ለማንኛውም በቅጡ አያገለግልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። በግእዝ ፈትሐ ማለት የታሰረውን ለቀቀ፥ የተቋጠረውን ከፈተ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። ፍትሕ የምንለው ከዚህ ወጥቷል። ዳኛ ይፈታል፤ ካህን ንስሓ የገባውን ይፈታል፤ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ይፈታል፤ ሕልም ተርጓሚ ሕልም ይፈታል። አባቶቻችን ለመፍረድና ለመፍታት አንድ ቃል ብቻ ያዋሉት ቃል ስላጠራቸው አይደለም። ቋጠሮ ባለበት ስፍራ የሚፈታ ሰው ዕዳ እንዳለበት ስላወቁ ነው። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ነገሩ ተቋጥሯል ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን ራሱን ባለዕዳ ያደርጋል፤ ሰሚውም «ይፍቱልኝ» ለማለት ቃሉ በአፉ ነው። ነገሩ ኮምፕሌክስ ነው ያለ ግን ዕዳ አልገባም። ኮምፕሌክስ ይፈታል ሲባል ሰምተን አናውቅም።

እንግሊዞች ስለ ጎርድዮስ ቋጠሮ መናገር ይወዳሉ። የመቄዶንያው እስክንድር ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ333 ዓመት ማንም ሊፈታው ያልቻለውን ቋጠሮ በሰይፍ ቈረጠው ይባላል፤ እነርሱም ችግርን በአንድ ምት ለሚጨርስ ሰው ምሳሌ አድርገውታል። ነገር ግን ቋጠሮውን የቈረጠ ሰው ገመዱንም አጥቷል። በባልቴቲቱ ጉዳይ ሰይፍ ቢመዘዝ ኖሮ «ስሙ አይመሳሰልም፥ ተሰርዟል» ይባል ነበር፤ ይህም ፈጣን ነው። የእኛ ሴቶች ግን ውል ይፈልጋሉ እንጂ ልቃቂት አይቈርጡም።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «አንተ የቅኔ ሰው ስትሆን ስለ ውስብስብ ነገር ልትወቅስ ይገባሃልን? ቅኔስ ሰሙን በወርቁ ላይ ደርቦ፥ በኅብርና በውስጠ ወይራ ሸፍኖ ሰውን የሚያደናግር አይደለምን?» ይለኝ ይሆናል። መልሴ ይህ ነው። ቅኔ ይቋጥራል፤ ነገር ግን ቋጣሪው መፍቻውን ያውቃል። በጉባኤ ቤት ተማሪው ቅኔ ቈጥሮ ሲያቀርብ፥ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ቢሆን ወይም ስምንት ቤት ያለው መወድስ፥ የኔታ «ፍታው» ባሉት ጊዜ መፍታት ካቃተው ቅኔው አይቈጠርለትም። የባሕረ ሐሳብም ትምህርት እንዲሁ ነው። 532 ዓመት የሚመላለስ ዐቢይ ቀመር አለው፤ ረቂቅ ነው። ሆኖም አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ይዞ ሕፃን ልጅ በጣቱ አጽዋማትን ያወጣል። ረቂቁ ነገር በሚያውቀው ቋንቋ፥ በደረጃ፥ ከሚቀለው ጀምሮ ስለ ተነገረው ነው።

ቢሆንም ራሳችንንም ነጻ ልናወጣ አይገባም። ከእኛ ወገን ምእመን ሲጠይቅ ሁለት የግእዝ ቃል ጣል አድርጎ ጠያቂውን ዝም የሚያሰኝ የለምን? እኔም በወጣትነቴ ይህን አድርጌ አውቃለሁ፤ ጠያቂው እጅ ነሥቶ ሲሄድ ያስተማርሁት መስሎኝ ነበረ፤ ለካ አሳፍሬው ኖሯል። ያም ወጣት በእንግሊዝኛ ያደረገው እኔ በግእዝ ያደረግሁትን ነው። ስለዚህ ደግሞ ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቃል የሚከብድ የግእዝ ቃል ፈጥረን እንተካ የሚሉትን አልደግፍም። ሰው የማይሰማውን ቃል በሌላ ሰው በማይሰማው ቃል መለወጥ ቍልፉን ሳይከፍቱ በሩን መቀባት ነው።

መካከለኛው መንገድ እንደሚቻል ምስክር አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበረ። ከዚህ የበለጠ ውስብስብ ነገር በጥቂቱ ነው የሚገኘው። የተረጐሙት ሰዎች ግን ውል፥ ውክልና፥ ዋስትና፥ መያዣ፥ ውርስ እያሉ የገበያና የሽማግሌ ቃላትን ወደ ሕግ አገቡ። ዘመን ያለፈበት ክስ እንዳይነሣ የሚከለክለውንም ደንብ፥ ነገሩ ባለበት ይርጋ ሲሉ፥ ይርጋ አሉት። ዛሬ ከፍርድ ቤት ደጅ የሚቆም ገበሬ ይርጋ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ስላወቀም ይከራከራል። ውል የሚለው ቃል ደግሞ የስምምነትም የፈትል መጀመሪያም ስም መሆኑን ልብ በሉ፤ ሁለቱም የጠፋ ጊዜ ነገር ይበላሻልና።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሊቃውንት ለሊቃውንት በሚጽፉበት ስፍራ «ኮምፕሌክስ»ንም «ኮምፕሊኬትድ»ንም ልዩነታቸውን ጠብቀው ይጻፉ፤ የተጐነጐነውን ከታጠፈው ይለዩ። ነገር ግን በጠረጴዛቸው ፊት የቆመ ሰው ባለ ጊዜ፥ ነገሩ ምን ያህል ቋጠሮ እንዳለው፥ እያንዳንዱም ቋጠሮ ማን ሊፈታው እንደሚችል በአማርኛ ቈጥረው ይንገሩት። የባልቴቲቱ ነገር ሁለት ቋጠሮ ብቻ ነበረው፤ መፍቻውም በቃሪዛቸው ሳይሆን በአፋቸው ነበረ። ዘጠኝ ጊዜ የተመላለሱበት የታክሲ ገንዘብና የጕልበታቸው ድካም ግን አልተመለሰላቸውም።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ባልቴቲቱ በሠፈር ውስጥ ነገር ሲንዛዛ ባዩ ቍጥር «ኮምፕሌክስ ደረሰ» እያሉ ጎረቤቱን ያሥቃሉ። እኔም አብሬ እሥቃለሁ፤ ነገር ግን ስለሚመጣው ሌላ ባለጉዳይ፥ አብሮት የሚሄድ ሰው ስላጣው፥ አስባለሁ። ልብ ያለው ልብ ይበል።